ከካፒቴንሽ ጋር ያልተስማማሽበት ቀን

ኀሙስ ሦስት ሰዓት ነው የተቀጠርኩበት፤
ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ሆጤ መሽቶበት፣
ጦሳን ከአንገቱ በላይ ጉም ውጦታል፤
መብራቱም ከመግሪብ በፊት ሄዷል።
ድርጅቱ ትንሽ ነው፤ ባለ ፕሮፔለር አራት አውሮፕላን ብቻ፣
አንዷ በየማለዳው የምታርፍ ኮምቦልቻ።

አባቴ ከአልጋው ጫፍ፣ መነጽሩን በክር
ከጆሮው አንጠልጥሎ፣ በስልክ ብርሃን ሥር
ወረቀቴን ያያል፤
እንግሊዝኛው ከላይ፣ ከሥር አማርኛ፤
ዛሬ ማታ እሱ ነው የእኔ መርማሪ ዳኛ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሐረጎን የዞሩ
እነዚያ እጆቹ፣
ወረቀት ሲይዙም መሪ እንደያዙ ነው፣
ወደ ላይ ቀጥ ብለው አውራ ጣቶቹ።

«ራስሽን አስተዋውቂ» ይላል፣ ጉሮሮውን ጠርጎ።
«ረውዳ እንድሪስ እባላለሁ፤ የበረራ ሰዓቴ ሁለት መቶ…»
«አውቄሻለሁ» ብሎ አለፈው።

«ቀትር ላይ፣ ኮምቦልቻ፣ ፀሐዩ ሲበረታ፣
ሙሉ ሰው ጭነሻል፤ ምን ያሳስብሻል በዚያች አፍታ?»
«አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣
መሬት አልለቅ ይላል፣ መንደርደሪያው ያጥራል፤
ጭነት እቀንሳለሁ፣ ካልሆነም እስኪበርድ ይጠበቃል።»
«ይሄማ የእኔ ሚኒባስ ነው!» ሳቀ፣ እንባው እስኪመጣ፤
«በሰኞ ገበያ ቀን፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሽቅብ ስትወጣ!»
«አንተስ ጭነት ትቀንስ ነበር?»
ዝም አለ። ቆየና፦
«እሱ የረዳት ሥራ ነበር።»

«አንዱ ሞተር ቢጠፋ?»
«መጀመሪያ ማብረር፣ ያሉበትን ማወቅ ቀጥሎ፣
መናገር ከሁሉ ኋላ።»
«ሰማሽ አንቺ ሴት፣ መናገር ከሁሉ ኋላ!» ብሎ ወደ ጓዳ ተጣራ።
እናቴ የአክስቴን ልጅ ኮት በከሰል ካውያ እየተኮሰች፣
«ሰምቼሃለሁ» አለች።

ከዚያ አራተኛው መጣ።
«ከካፒቴንሽ ጋር ያልተስማማሽበትን ቀን ንገሪን፤
ምን አደረግሽ?»
ያጠናሁት መልስ አለ፤ ለስላሳ፣ በሞረድ ያለፈ፣
ስለ በረራ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ አስተማሪዬ፣ ማንንም የማያስቀይም።
እሱ አልመጣልኝም።
የመጣው ሌላ ነው፤ አባቴም ያውቀዋል፣ እኔም፤
ዐሥር ዓመት ሙሉ አንሥተነው አናውቅም።

ክረምት ነበር። ረዳቱ ጥሎት ሄዶ፣
እኔ በዐሥራ አምስት ዓመቴ በር ይዤ፣ ሒሳብ እሰበስባለሁ፤
ሐረጎ ላይ ጉሙ ከመስታወቱ ውጭ
ሌላ መስታወት ሆኗል።
ፊታችን አንድ የጭነት መኪና ያዘግማል፤
አባቴ ሊቀድም ፍሬቻ አብርቷል።
«አባ፣ አይታይም።»
«መንገዱን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ዝም በይ።»
ዝም አልኩ።
ግን በመዳፌ ጣሪያውን ሁለቴ መታሁና
«ወራጅ አለ!» አልኩ።
እግሩ ከልማዱ ፍሬን ረገጠ።
«እዚህ ገደል ላይ? ማነው ወራጁ?»
«እኔ ነኝ።»
ወረድኩ።
ሊቀድም ባሰበበት መስመር፣ መብራት የሌለው ቦቴ
ከጉሙ ወጥቶ፣ ሚኒባሷን በንፋሱ አንቀጥቅጦ፣
ተመልሶ ጉም ገባ።
ኮምቦልቻ እስክንደርስ ቃል አልወጣውም።
መናኸሪያው ላይ የቀኑን ገቢ ከኪሱ አውጥቶ
«ቁጠሪው» ብሎ ሰጠኝ።

አሁን ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል።
«ይሄን ነው የምትነግሪያቸው?»
«ካልፈቀድክ አልነግራቸውም።»
የስልኩ ባትሪ አለቀ፤ ጨለማው ፊቱን ወሰደው፤
የቀረኝ ድምፁ ነው፦
«ንገሪያቸው፤ ስሜን ብቻ አትጥሪ።
ደግሞ አንዳች እንዳታጎድዪ፤
ካፒቴኑ ቆመ በያቸው።
ተቆጥቶ ነው። ግን ቆመ።»

እናቴ በካውያው ፍም መንገዷን እያየች መጣች፣
«ልበሽው እስቲ፣ ሳይበርድ» አለች።