የመስከረም ሦስት ደብዳቤ

በሰው ሳሎን፣ በኪራይ አዳራሽ፣ በዛፍ ጥላ ለምትሰበሰቡ፣
የአንግሊካን ምእመናን ሆይ፤ ይህን ጮክ ብላችሁ አንብቡ።
ከጅማ ነው፣ ከአዌቱ ዳር፣ ከቆርቆሮዋ ቤታችን፤
እንኳን አደረሳችሁ! ዘገየ መልእክታችን።
መስከረም አንድ ሊታተም ነበር፤ መብራቱ ሄደ፤
ሁለት ቀን ጠብቀን፣ በሦስተኛው፣ ይኸው በእስክሪብቶ ወረደ።

ዜናውን ከቁጥር ልጀምር፣ ደስ የሚል ባይሆንም፤
አምና አርባ አንድ ነበርን። ዘንድሮ አርባ አንድ አይደለንም።
ሠላሳ አራት ነን።
ስድስቱ ተመርቀው ሄዱ፤ ሚዛን፣ ጎሬ፣ ጋምቤላ፣ ቦንጋ፤
ሰባተኛው ጋሽ ተሬቻ ናቸው፤ ሰኔ ሃያ፣ ከሆስፒታል አልጋ።
ወንበራቸውን አላነሣነውም፤ ያው ከመስኮቱ ሥር ነው፤
ሲዘንብ ባልዲ እናኖርበታለን፣ በላዩ ጣራው ቀዳዳ አለው።
እሳቸው ቢያዩት ይስቁ ነበር፤ ሲስቁ ትከሻቸው ይነቀነቃል፤
"በቁሜ ያላገለገልኩትን ሞቼ" ይሉ ነበር፤ ማን ያውቃል።

ጳጳሱም ነሐሴ ሊመጡልን፣ በአምስት ልጆች ላይ እጅ ሊጭኑ፣
ቀን ተቆርጦ ነበር። መንገዱን ናዳ ዘጋው፤ ልጆቹ ከነሸሚዛቸው በረንዳ ላይ አዘኑ።
ከመሐል ሌንጮ ብቻ፣ ሸሚዙን አጥፎ፣ ሳይናደድ፣
"እጁ ይዘግይ" አለን፤ "ጭንቅላቴ እንደሆነ የትም አይሄድ።"

ጥያቄው ዘንድሮም አላለቀም። "እናንተ ምንድን ናችሁ?
ቄሳችሁ ነጭ ለብሶ ይቆማል፣ ታቦት ግን የላችሁ።"
ከወዲያ ደግሞ፣ "ከመጽሐፍ የተነበበ ጸሎት እንዴት ይሞቃል ለሰሚው?"
እትዬ ጠጅነሽ መለሱ፣ ቢሺሼ ከሰል የሚሸጡት ናቸው፤
"እኛ እንደ ጭራሮ" አሉ፣ "ቦግ ብለን አንጠፋም፤
ከሰል ነን፤ እስኪያያዝ ነው፤ ከያዘ ቤት ሳያሞቅ አያንቀላፋም።"

ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ሌሊት አዌቱ ሞልቶ ወጣ፤
የጸሎት መጻሕፍቱን ፍለጋ እስከ መደርደሪያው መጣ።
አሥራ አንድ ነበሩ። ዘጠኙን አተረፍን።
እሑድ ጠዋት አባ ዲጋ፣ ጎረቤታችን፣ በርጩማ ጠራቢው፣
እንጨቱን ወደ ጥግ ገፍተው፣ "ግቡ" አሉን፤ "ለጸሎት ቤት አይጠበው።"
ሰጋቱራ ላይ ተንበረከክን፤ ያላለቀ በርጩማ ከቦን፤
ኛዳክ በኑዌር፣ ሐዊ በኦሮምኛ፤ ስለ ታናሹ መንጋ ተነበበልን።
እኔ ሦስተኛ ነበርኩ፣ በአማርኛ። መሐል ላይ ድምፄ ተቋረጠ፤
ማንም ዝንፍ አላለ፤ ዝናቡ ብቻ ከጣራው ላይ ሮጠ።

አባ ዲጋ ዓርብ ከመስጊድ ሲመለሱ፣ "መጽሐፎቻችሁ ደረቁ?" ብለው ጠየቁ።

አይዟችሁ ማለት ቀላል ነው፤ እኔ ሥራ ልስጣችሁ፤
የሄዱትን ወንበር አታንሡ፤ የስም መዝገቡ ይነበብ በመካከላችሁ።
ማነስ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ማን እንደጎደለ አለማወቅ ነው፤
የጎደለውን በስሙ የሚጠራ ቤት፣ ሙሉ ባይሆን ሕያው ነው።
ጻፉልን። እናንተስ ስንት ናችሁ? ጣራችሁስ ያፈሳል?
"ይህማ ዜና አይባልም" አትበሉ፤ ትንሹም አንጀት ያርሳል።

ጸሐፊው፣ ደምመላሽ ኩምሳ።

ከፊርማው በታች፦
ይህን አጥፌ ሳሽግ፣ ከላይ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ፤
ብወጣ ገዛኸኝን መሰላል ላይ አየሁ።
በኪቦርዱ ጠብ አኩርፎ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የራቀው፤
ሰላምታ የለ፣ ይቅርታ የለ፤ ምስማር በከንፈሩ ይዞ ቀዳዳውን ደፈነው።
"ሻይ ልጋብዝህ?" ብለው፣ "ቅጥራኑ ይድረቅ" ብሎኝ ሄደ።
ባልዲውን አነሣሁ። ወንበሩን አልነካሁም።
እንግዲህ ከላይ ሠላሳ አራት ያልኩትን፣ ሠላሳ አምስት አድርጉት፤
ግን በእርሳስ ጻፉት።