ካፖርት ጠባቂዎች

እዚህ ጌንት ከተማ፣ ቴአትሩ ምድር ቤት፣
ካፖርት እንሰቅላለን፣ እኔና ትርሲት።
ኅዳር ነው፣ ይዘንባል፤ ሱፍ ይሸታል አየሩ፤
ደወል እስኪደወል ሰዎች ተደረደሩ።

ማዳም ቬርሜርሽን ስትቀበል ትርሲት፣
ከንፈሯን መጠጠች ለውሻዋ እግር ስብራት።
ለባሮኑ ደግሞ ቀጥ አለች እንደ ዘንግ፣
ሦስት ቃል ፈረንሳይኛ፣ አራተኛ ሳትፈልግ።
ለተማሪዎቹ ማስቲካ እያኘከች፣
በራሳቸው ቀልድ ቀድማቸው ሳቀች።
ለዚያ ሽማግሌ፣ ሚስቱ ካለፈች ወዲህ
ሁለት ቁጥር ለሚወስድ፣
አንዱን ለባዶ መስቀያ፣
ምንም አልተናገረች።
አርባ አንድን፣ አርባ ሁለትን እጁ ላይ አኖረች፤
እጇን ትንሽ አቆየች።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። በአንድ ሽርጥ አራት ሴት።

እኔ?
እኔ ያው ነኝ። «እንደምን አመሹ። ይኸው ቁጥርዎ።»
ለባሮኑም ለዘበኛውም አንድ ድምፅ፣ አንድ ግንባር፣
እንደ ግድግዳ ምስማር።
አለቃችን ዮሪስ «ፈገግ በል» ይለኛል፤
ስሞክር «ጥርስህን ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል።

በሆዴ «እስስት» እላታለሁ፤ አልዋሽም።
ሰምታኝ ይሁን አላውቅም፣ አንድ ማታ
የወደቀ ቁጥር ስትለቅም ተንበርክካ፣
«እንዳገሩ ይኖሯል፣ እንደ ወንዙ ይሻገሯል» አለችኝ።
በአንድ ምሽት ስንት ወንዝ? አልኩ በልቤ።
ደግሞስ ዳር ላይ የቀረችው የቷ ናት፣
ጫማዋን በእጇ ይዛ?

ትናንት አንድ ካፖርት ቀረ።
ግራጫ፣ የፀጉር አንገት ያለው፣ ባለቤቱ ያልመጣለት።
ለምን እንዳነሳሁት እንጃ። ለበስኩት።
ከበደኝ፤ ቀጥሎ ቀለለኝ።
ደረቴ ተነፋ፣ አገጬም ወጣ፣
ከማላውቀው ጓዳ ወፍራም ድምፅ መጣ፦
«የኔ ልጅ፣ ባርኔጣዬስ?» አልኳት እጄን ዘርግቼ።
ደስ አለኝ። ይሄን አልደብቅም፤
ሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ ክፍል ተከራይቼ፣
ሌላ በር እንዳለው ገና ዛሬ አይቼ።

ትርሲት አልሳቀችም።
ለማዳም የምትሆነው፣ ለባሮን፣ ለተማሪ፣
አንዷም አልደረሰችላትም።
ፊቷ ተራቆተ፣
መደገፊያው በድንገት እንደሸሸባት ሰው።
«አውልቀው» አለች በቀጭኑ። «ባክህ፣ አውልቀው።
አንተ ጋ ስደርስ ነው እኔ የምቀመጠው።»

አወለቅሁት። ሰቀልኩት።
በመጨረሻው ትራም ጎን ለጎን ተቀመጥን፤
ውሃ በመስኮቱ ይወርዳል።
ጫማዋን አወለቀች፣
እግሯን ከወንበሩ ሥር አጥፋ ደበቀች።
ምንም አላለችኝ።
እኔም ያው ነኝ፣ ዝም አልኩ፤
ዝምታዬ ግን ትናንት ማታ
ትከሻው ላይ ትንሽ ሰፋኝ።