ካሜራውን ያዙት

ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
የሙሄ ቪዲዮ ቤት፣ ቆርቆሮው ዝናብ የሚያስገባ፤
አሥር አሥር ብር ከፍለን፣ በአግዳሚው ተጠጋግተን፣
አውሬ አለበት ሲባል፣ አውሬ ልናይ መጥተን፣
ተቀመጥን።

መብራቱ ጠፋ። ፊልሙ ጀመረ።
ሰማይ ወደ ታች ወረደ፣ አስፋልት ወደ ላይ በረረ፤
የአንዱ ጫማ፣ የአንዷ ፀጉር፣ የግንብ ጥግ፣ ደግሞ ጫማ፣
ጩኸት እንጂ ጯሂው የለ፣ ጨለማ ላይ ጨለማ።

"ኧረ ካሜራውን ያዙት!" አለ ከኋላ አንዱ፣
"ሰክሯል መሰለኝ፣ አስቀምጡት፣ እስኪረጋ ሆዱ!"

የሙሄ ልጅ አንዋር፣ ጥግ ቆሞ የሚተረጉመው፣
ለሁሉም አንድ ቃል ነው ያለው፦ "ሩጡ ነው የሚለው።"
ሴትዮዋ ስታለቅስ፦ "ሩጡ ነው የምትለው።"
ሽማግሌው ሲጸልይ፦ "ሩጡ ነው የሚለው።"
አንድ ጊዜ ዝም ሲሉ፣ አንዋርም ዝም አለና፦
"አሁን እያሰቡ ነው፤ ሊሮጡ ነው እንደገና።"

ሰዒድ ሹፌሩ፦
ሐረጎን ሃያ ዓመት በአይሱዙ የወረደ፣
ጤፍ ጭኖ፣ ብረት ጭኖ፣ በጭጋግ የነጎደ፣
አንድ ቀን ሎሚ ያልሸተተ፣ ፌስታል ያልያዘ፣
አግዳሚ ላይ ቁጭ ባለበት ፊቱ አመድ መስሎ ፈዘዘ፤
"ወራጅ አለ!" ብሎ ጮኸ።
ሳቅን። እሱ እውነቱን ነበር፤ በሩ ጋ ሳይደርስ አስመለሰ።

ፎቶ ዘውዱ፣ የሰርግ ቀራጩ፣ አንገቱን እየነቀነቀ፦
"እኔ እንዲህ ብቀርጽ፣ ሙሽራዋን ትቼ ካስማውን ባሳይ፣
ቀብዱን ያስመልሱኝ ነበር፣ ዱላው በላይ በላይ።"
ትንሽ ቆይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ "ግን የትኛው ሞኝ ነው
አውሬ ከኋላው እያለ ካሜራ የሚይዘው?"
ማንም አልመለሰለት።

አራጋው ዓሣ አጥማጁ፣ ታንኳውን አስሮ የመጣ፣
ያለ ቃል ጠበቀ፣ አውሬው እስኪወጣ።
አንዴ ጭራ አየን። አንዴ ጥፍር። አንዴ የሚተነፍስ ነገር።
"ጭራውን ደህና አድርጎ ቢያሳየኝ፣ ኪሎውን እነግረው ነበር፤
ቆሮሶ ይሁን አምባዛ፣ በጭራው ነው የማውቀው፤
ይሄ ሰውዬ ግን ሙሉውን አይቶት ነው የደበቀው።"

ያኔ ነው። አንድ ጊዜ። ከታች።
አግዳሚው፣ ዝንብ እንዳረፈበት የበቅሎ ጀርባ፣ ነዘር አደረገ፤
ፊልሙ ውስጥ ድልድይ ይሰበር ነበርና
የኛም መቀመጫ የፊልሙ ነው ብለን አጨበጨብን፣ ወላሂ!
"አቦ! አሁን ገና ፊልም ሆነ!" አለ ሰዒድ፣ አፉን እየጠረገ።

ጦይባ ናት፣ ትኬት ቆራጯ፣
የሳንቲም ጣሳዋ ብቻውን ሲንቀጠቀጥ አይታ፣
"ያ ረቢ! መሬት ራደች! ውጡ!" አለች በሩን በርግዳ ገብታ።
"ጦይባ፣ ከፊት ዞር በይ፣ ጭራው ሊታይ ነው!" አልናት።
አንዋር ብቻ፣ እንደ ልማዱ፣ ፊቷን አይቶ ተረጎማት፦
"ሩጡ ነው የምትለው።"

ሮጥን።

ውጭ፣ እግራችንን አራርቀን ቆምን፣ ታንኳ ላይ እንዳለ ሰው፤
ውሾቹ ወደ ሐይቁ ይጮሃሉ፤ መሬቱ ዝም ነው።
ዘውዱ ለካ ስልኩን አውጥቶ ነበር። በማግስቱ ሲያሳየን፦
የአንዱ ጫማ፣ የጦይባ ሻሽ፣ የግንብ ጥግ፣ ደግሞ ጫማ፣
የራሳችን ትንፋሽ፣ ጨለማ ላይ ጨለማ።
"ልሰርዘው?" አለ። ማንም እሺ አላለውም።

ሙሄ በድንጋጤ ፊልሙን ሳያጠፋ ነው የሸሸ፤
ባዶ ቤት ውስጥ፣ እስከ መጨረሻው፣ ብቻውን አመሸ።
አውሬው ሙሉውን የወጣው ያኔ ነው አሉ፤
የሚመሰክሩት አግዳሚዎቹ ናቸው፣ ዝም ያሉ።

አራጋው ዛሬም በሙሄ በር ሲያልፍ ይቆማል፦
"ያቺን መጨረሻዋን ብቻ። ጭራዋን።"
"አሥር ብር" ይላል ሙሄ።