ማንያህልሻል

አባቴ ነው ያወጣልኝ፣ መሐል ሜዳ፣ በሰኔ ጭጋግ፣
መዳፉን የማትሞላ ልጁን ከንግሥት በላይ ሊያደርግ።
ማንያህልሻል።
ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ መልአኩም ይቀልዳል።

የጤና ጣቢያው ሚዛን መቶ ሠላሳ ላይ ሲያበቃ፣
ነርሷ፣ «ወፍጮ ቤት ሞክሪ» አለችኝ፣ ድምፅዋን ደብቃ።
በምሳ ሰዓት ሄድኩ፣ ሰልፉ ሲሳሳ፤
ጋሽ ማሙዬ የገብስ ጆንያ አውርደው፣
ብረቱን ገፋ ገፋ አድርገው፣
«ኩንታል ከሃምሳ።»
ዱቄት በጫማዬ ይዤ ወጣሁ።
አልሳቁም። እሱ ነው ያመመኝ።

ከጠባሴ ደብረ ሲና፣ ዐሥራ አንድ ዓመት፣ ረዳቱ ሳይጠይቀኝ፣
የሁለት ሰው ሒሳብ ከፈልኩ። ሁለተኛዋ ማን ነች?
ስሟን አላውቀው፤ ከጉልበቴ ላይ ግን ተቀምጣለች።

ሰዉማ አደነቀኝ፦ «ተስማምቶሻል! ደልቶሻል!»
ሌሊት ቁጭ ብዬ ነው የማድር፤ ትንፋሼ ይቆራረጣል።
ቀን ፋብሪካ የብርድ ልብስ ጠርዝ ስሰፋ፣ ወንበሩ ከሥሬ ሲያማኝ፣
ስፌት መኪናውን አፈጥነዋለሁ፣ ሐሜቱን ሰው እንዳይሰማብኝ።

ወንድሜ ይታገሱ በጎቹን ሸጠ። «ሱፉም ሥጋውም ላንቺ» አለኝ።
አዲስ አበባ፣ በአምስት ጠባብ ቀዳዳ፣ ሐኪሙ ጓዳዬን ጎበኘልኝ።
ስነቃ አውራ ጣቱን አሳየኝ፦ «ሆድሽ ከእንግዲህ ይቺን ነው።»
የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ፣ ገባኝ፤ የአረቄ መለኪያ ነው።
ጎተራ የነበረው ቤት መለኪያ ሆኖ አደረ፤
ረሃቡ ግን፣ የጥንቱ፣ ጎተራውን እያሰበ ቀረ።

ወር ሙሉ የምስር ውኃ፣ በሻይ ማንኪያ።
እህል ውኃ አንድ ቃል ነበር፤ በኔ ቤት ግን ተፋቱ፤
አንዱ ከገባ ሌላው ግማሽ ሰዓት ይቆማል ከደጃፉ።
ፀጉሬ በማበጠሪያ ወጣ። ቆዳዬ ከክንዴ ተንጠለጠለ፣
እንግዳው ሄዶ እንዳልታጠፈ የመንዝ ባና፣
«ይመለስ ይሆናል» እያለ።

ብርድንም ያኔ ተዋወቅሁ። በብርድ አገር ተወልጄ፣
ብርድ ልብስ ስሰፋ ኖሬ፣ አንድ ቀን ሳልንቀጠቀጥ አድጌ፣
በኅዳር ከበሬሳ ማዶ መጥቶ አጥንቴን አንኳኳ።
«ማነው?» አልኩ።
አጥንትም ነበረኝ ለካ።

ጎረቤት ግን ደነገጠ። «ምነው ከሳሽ? ምን ነካሽ?»
እትዬ ሸዋዬ የሸንኮራ ጸበል በጀሪካን ይዘው፣ በሹክሹክታ፣ «ለኔ ንገሪኝ፣ አይዞሽ።»
ስታመም «ተስማማሽ» ያለኝ ሁሉ፣ ስድን ሊቀብረኝ ተሰናዳ፤
መዳኔን ማስረዳት ሆነብኝ ሌላ የማልጨርሰው ዕዳ።

በእህቴ ልጅ ሠርግ አክስቴ ጎርሳ አታውቅም፣ ታጎርሳለች እንጂ፤
«በሞቴ!» አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። እምቢ ይባላል እንዴ?
ሞቷን ዋጥኩ።
ከባሕር ዛፉ ሥር ግን፣ ከአጥሩ ኋላ፣ ተንበርክኬ፣
መልሼ ሰጠሁት ለምድር፣ በነጠላ ጫፍ አፌን ጠርጌ።

አልዋሽም፣ ይናፍቀኛል፤ ያ የሌሊት ዳቦ፣ ቆሜ፣ መብራት ሳላበራ፣
ማንም ሳይመዝነን፣ ማንም ሳይሰማን፣ እኔና እሱ ስናወራ።

ትናንት ከጠባሴ ተሳፈርኩ። እጄ ለምዶ የሁለት ሰው ዘረጋ።
አዲስ ልጅ ነው ረዳቱ፤ ግማሹን መልሶ፣
«ተሳስተሻል እናት፣ አንድ ነሽ» ብሎ በሩን ዘጋ።
አንድ ነሽ።
ታዲያ ያቺ ሌላዋ የት ወረደች? ማንስ ደኅና ሁኚ አላት?
ዐሥራ አንድ ዓመት አብራኝ ስትሄድ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳልራራላት።

ጣርማበር ላይ ጉም ገባ።
ከመንገድ የጫንናቸው ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ፣
ከጉልበታቸው አንዲት ዶሮ፤ አልተነፈሱም፣ አልተቆጡ፣
«ጠጋ በይ» አላሉኝም። ትከሻቸው ትከሻዬን ነካ።
ዋሻው ሲያልቅ፣ «ስምሽን ማን ልበል?» አሉኝ።
ነገርኳቸው።
አልሳቁም።
በርዶኝ ነበር። ሞቀኝ።