የዘነበች በር

ቱሉ ዲምቱ ወርጄ ከታክሲው መድረሻ፣
ኮንዶሚኒየሙ አልቆ ከሚጀምር እርሻ፣
ዋልካው ጫማዬን ነክሶ አንዱን አስቀረብኝ፤
በአንድ እግሬ ቆሜ ሳለሁ ዝርዝሩ ወደቀብኝ።
ሠላሳ ሁለት ስም፣ «የቤተሰብ ኃላፊ»፤
ሠላሳ ሁለት ወንድ፣ ግማሹ አንኮራፊ።

ባነሩን ሰቀልኩት በሁለት ባሕር ዛፍ፤
«ሴት አርሶ አደሮችን እናግዝ!» ይላል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።
አንዲት ሴት የለችም ከተቀመጠው ሰው፤
ከአጥሩ ወዲያ ግን፣ እበት የምትለውሰው፣
«ዝናቡ ይገባል ሰኔ መባቻ ላይ» ስል፣
ሳቋን በክንዷ ሸፍና ለማፈን ስትታገል
አየኋት።

ሰዉ ፈርሞ፣ አበሉን ቆጥሮ ሲበተን ጠጋ አለች።
«ልጄ፣ በእናንተ ቤት ዝናብ በምን ይለካል?»
«በሚሊ ሜትር» አልኩ። «እኔ ቤት በጣት ይቆጠራል።»

ስሟ ዘነበች ነው።
«ጣራው ሲያፈስ ተወልጄ ወጣልኝ ይኼ ስም፤
ዘንድሮ ሰው ሲጠራኝ ሰማዩ አይሰማም።»

ጓሮ ወሰደችኝ። አፉ የተቆረጠ ሃይላንድ
ከጎመኑ መሃል ቆሟል፣ ልክ እንደ አባወራ ወንድ።
ቀጥላ በሩን አሳየችኝ። በሩ ነው መጽሐፉ፤
በከሰል የተሰመረ ከጉበኑ እስከ ደፉ።
አንድ ጭረት አንድ ጣት፤ ክብ ማለት ደረቅ ሳምንት፤
ስድስት ዓመት ሰፍሯል እዚያ፣ ክረምት በክረምት።
በልጉ ክብ ብቻ ነው።
ሰኔ ያታለላት ዓመት፣ ጤፉን ትታ ሽምብራ
ዘራች፣ ቱፋን ሳታማክር፣ የሰው አፍ ሳትፈራ።
«ባልሽስ?»
«ተቆጣ። በመስከረም ተቆጣ፤ በጥር በላ፤ ዝም አለ።»
ዘንድሮ ግማሽ ጤፍ፣ ግማሽ ሽምብራ።

ከአስፋልቱ የሚወርድ ጎርፍ ማሳዋን ሲገምስ፣
ቦይ ቀደደች በዶማ፣ ወደ ጉድጓድ እንዲፈስ፤
«የከተማ ውሃ» ትለዋለች፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤
ጎመኑ አልተጠየፈም፤ እሱስ ምን መርጦ ይጠጣል?

እሷ ተናገረች፤ እኔ ጻፍኩ፤
ላስተምር ያመጣሁትን ወረቀት ጀርባውን ገልብጬ ጨረስኩ።

ኅዳር ላይ፣ ነዶው ተከምሮ፣ በሬ ሊገባ ከአውድማ፣
ከየረር በኩል ወረደ፣ ያለ ወሩ፣ የቀትር ጨለማ።
ስልኬ ጮኸ።
«ላስቲክ አለሽ?» ሰላምታ እንኳ የለውም።
ላስቲክ የለኝም። ያለኝ ባነር ነው።
ከጣቢያው ሮጥኩ።

ስምንት ሜትር መፈክር ጎተትነው በሁለት ጫፍ፣
ነፋሱ ሲያራግበው እንደ ቆሰለ ወፍ፤
አለበስነው ክምሩን፤ ድንጋይ ጫንን በዳር ዳሩ፤
ፊደሎቹ ወደ ጤፉ፣ ነጩ ጀርባ ወደ አየሩ።
ውሃው ግን በሥር ገባ።
የታችኛው ነዶ በሰበሰ። ሁሉን አላዳንነውም።

ሲያባራ፣ ቀሚሷን ሳትጨምቅ፣ ወደ ጓሮ ሄደች፤
ሃይላንዱን ወደ ብርሃን አንሥታ ጣቷን ለካች።
«ሦስት ጣት። ከግማሽ።»
ከሰሉን ለእኔ ሰጠችኝ።

በሩን ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ፤
ለኅዳር የተተወ ቦታ አልነበረም።
መቃኑ ላይ ጀመርኩ።