ወይዘሮ ማርኪዛ

ዘንባባው አልቆ ሐይቁ ከሚጀምርበት፣
አባቴ አንለይ አለው አንድ ክፍል ቤት፤
ሸራ ይሰፋበታል።
መቀስ ከጎኑ ሳለ ክር በጥርሱ ይቆርጣል፣
ሲቆርጥ አንዳንድ ጊዜ ቃልም አብሮ ይውጣል።

አንዱን ቃል ግን አልዋጠውም።
ወጣት ሳለ ፖሊ ግቢ፣ የወርክሾፑ ጠራጊ ሆኖ፣
ከመስኮብ መምህር አፍ ሰማው፣ ተቀበለው አምኖ።
መስኮቡ ከመስኮቱ ላይ ወደ ተወጠረው ጥላ
ጣቱን ቀስሮ «ማርኪዛ» አለ፤ ቃል አልጨመረም ሌላ።

አባቴ ቃሉን እንደ ብሎን ከኪሱ ከተተና፣
ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ደጅ ጥቅል ሸራ ይዞ መጣና፣
አንድ ሻይ ቤት አለበሰ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፤
ዓሣ ጠባሿ ጥሩዓለም ሆነች ቋሚ ደንበኛ።
ከደጁም ሰሌዳ ሰቀለ፣ በአረንጓዴ ቀለም፦
«ማርኪዛ እዚህ ይሰፋል።» ማብራሪያ የለውም፣ ምንም።

ባሕር ዳርም ቃሉን ለመደች፣ አገሩ የት ነው ሳትል፤
ሚያዝያ አናት ሲበሳ፣ ነሐሴ ውርጅብኙን ሲጥል፣
«ማርኪዛው ሥር ጠብቂኝ» ይላል ጎረምሳው በስልክ፤
ፔሊካኗም እዚያው ትቆማለች፣ የዓሣ አንጀት ስትጠብቅ፣ ልክ
እንደ ባለጉዳይ።

እኔ ጀልባ ነው የምነዳ።
አምና ክረምት ከዘጌ ስንመለስ፣ ሐይቁ ተቆጥቶ፣
አንዲት ፈረንሳዊት አሮጊት፣ ሹራቧ ውኃ ጠጥቶ፣
ከጥሩዓለም ደጅ አስጠጋኋት። «ማርኪዛዋ ትኑር» ብል
ሳቀች፣ አቆመች፣ ደግሞ ሳቀች፣ እንደ ሞተር እንቢ ሲል።

«ማርኪ ጌታ ነው» አለችኝ፣ «ድንበር ጠባቂ፣ ባለ ግንብ፤
ማርኪዝ ደግሞ ሚስቱ ናት፣ በመቶ አሽከር የምትታጀብ።»
ማርኪ?
በእኛ ቤት ትእዛዝ ነው እኮ፣ ለሴት የሚሰጥ፦
ሂጂ፣ ዝመቺ፣ ማርኪ!
እሷም ዘመተች መሰል። ፓሪስን፣ ሞስኮን አልፋ፣
ጣና ዳር ደርሳ ማረከችን፣ በሁለት ብረት ተደግፋ።

ለአባቴ ነገርኩት። መዘውሩን ሳያቆም፣ ክር እንደነከሰ፣
«ወይዘሮስ?» ብሎ መለሰ።
«ወይዘሮ ድሮ የንጉሥ ዘር እንጂ የማንም ነበረ?
ከእልፍኝ የማይወጣ ስም ነው፣ በአጀብ የተከበረ።
ዛሬ ጥሩዓለም ወይዘሮ ናት፣ ክንዷ ላይ ቅርፊት እያበራ፤
እናትህም ወይዘሮ ነበረች፣ ክር ስታጠነጥን ከእኔ ጋራ።
ታዲያ ወረደ ትላለህ? ወይስ...» ክሩ ተበጠሰ።
የቀረውን ዋጠው።

በማግስቱ መሰላል አቁሞ፣ ያንኑ ቀለም በጥብጦ፣
ከፊት «ወ/ሮ» ጨመረ፤ ከኋላ «ል»ን በ«ሉ» ለውጦ፣
«ወ/ሮ ማርኪዛ እዚህ ይሰፋሉ» ብሎ ሸራዋን አንቱ አላት።
ጠብቆ ቢነበብ ተሰፊ ናት፣ ላልቶ ቢነበብ ሰፊ፤
አላልቶ አነበበው የገቢዎች ጸሐፊ።

ደብዳቤ መጣ፦ «ለወ/ሮ ማርኪዛ፣ ባሉበት።
የሁለት ዓመት ግብር አለብዎ፤ በአካል ይቅረቡ፣ ሐሙስ ጠዋት።»

ሐሙስ ጠዋት አባቴ የመጀመሪያዋን፣ ፀሐይ የላሳትን፣
ከጥሩዓለም ደጅ አውርዶ በአዲስ የተካትን፣
አጣጥፎ በትከሻው ተሸክሞ ደረጃውን ወጣ፤ እኔ ከኋላው።
ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አኖራት።
«ቀርበዋል» አለ።

ጸሐፊው ዝም። ከጀርባው መስኮቱ ራቁቱን፣ መጋረጃ አልባ፣
ፀሐይ የበላው መዝገቡ ቢጫ፣ እንደ አደይ አበባ።
እጥፏን በጣቱ ገለጥ አደረገ፤ ዳሰሰ የዛገ ቀለበት፤
አሽትቷት ይሆናል ደግሞ፣ የዓሣ ጭስ አለባት።
ወደ መስኮቱ ዞረ። ወደ አባቴ ዞረ።
ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«ስንት ሜትር ናቸው?»