ፋሻው ሊፈታ ሲል

ጅማ ሆስፒታል፣ ክፍል ቁጥር ሰባት፣
ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በሌሊት፣
ፋሻ የታሰረ ዓይን ስለ ብርሃን ይሟገታል፤
ተረኛ ነርስ ነኝ፣ ጆሮዬ ይሰማል።

«ብርሃን ማለትማ» አሉ መሪጌታ ጥዑም፣
«ጾሞ፣ ጸልዮ፣ ከስቶ እንጂ እንዲሁ አይገኝም።
አርባ ዓመት ደጅ ጠንቼ፣ አንድ ሌሊት በራልኝ፤»
ትንሽ ዝም አሉና፣ «ማግስቱን ግን ራበኝ።»

አባ ዱራ ሳቁ፤ መቁጠሪያቸው ቀጭ አለ፤
«ኑር ስጦታ ነው እንጂ ማን ሠርቶት ያውቃል? የታለ?
አንድ ማታ ቦዬ ረግረግ ላሜን ፍለጋ ስዞር፣
ሸንበቆው በሙሉ ዚክር ላይ… ምኑን ልንገርዎ፣ ይቅር።»

«ሸንበቆ በነፋስም ይወዛወዛል።»
«የእርስዎስ ሌሊት ከራብ በምን ይለያል?»

ጥጉ ላይ ባሎቴ፣ አጊፕ በቆሎ የምትጠብስ፣
ሌሊቱን ቃል አልወጣትም፤ ብርድ ልብሷን ስትዳብስ።

ጠዋት ፋሻው ተፈታ።
መሪጌታ አለቀሱ፤ ቃል አጡ ለሰላምታ።
አባ ዱራ ጎረቤታቸውን ትክ ብለው አዩና፣
«ለካ እንዲህ አርጅተዋል!» አሉ፣ ከምስጋናው ቀጥለው፣ በትሕትና።

ባሎቴ መስኮቱን አላየች።
መዳፏን ገለበጠች፣
ጥፍሯ ሥር የተኛውን የስንት ዓመት ጥላሸት
አንድ በአንድ ቆጠረች።
«በዚህ እጅ ነው ሰው ሳበላ የኖርኩት?» አለች፤
ሳሙና ለመነች።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ዝም።
እኔም የምለው አልነበረኝም።

ተረኛዬን ጨርሼ አዌቱ ድልድይ ላይ ቆምኩ፤
ወንዙ ደፍርሷል፣ ሰማዩ ጠርቷል፤
እጄን ከኪሴ አወጣሁ፣
ሳላየው መልሼ ከተትኩ።